መስኮት ላይ የቆመው ቬሎ

የዚያን ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ደመና የሚባል ነገር አይታይም። ገና በሦስት ሰዓት ፀሐይዋ የሙሽራ ልብስ ቤቱን ትልቅ መስኮት ታነድደው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ልትስብ እጇን ዘረጋችና ተወችው። ከዛሬ በኋላ ለማን ብላ?

ሱቁ ሊዘጋ ነው። አርባ ዓመት የከተማውን ሙሽሮች ያለበሰ ቤት ነበር፤ መስታወቱ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ምንጣፉ እግር የሚውጥ። ሰፊዋ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ክር ልትለቅም የገባች ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከኋላ ክፍል ሳትወጣ ፀጉሯ ሸበተ። ሙሽሮቹ ስሟን አያውቁትም፤ እሷ ግን የሁሉንም ወገብ ሳትለካ በዓይኗ ታውቀዋለች።

የሱቁ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ አንድ ቀን ደስ ብሏቸው፣ "ልጅሽ ስትዳር ከዚህ ቤት የወደድሽውን ቬሎ ትወስጃለሽ" ብለዋት ነበር። እሷም ጊዜ አላጠፋችም፤ በሁለት ወር የሰፋችውን፣ ደረቱ ላይ ዳንቴል የወረደበትን የሐር ቬሎ መረጠች። ከዚያ ፍርሃት ገባት። ጓዳ ብትሰቅለው አንዷ ሻጭ አውጥታ ትሸጥባታለች። ስለዚህ መስኮት ላይ ለቆመችው አሻንጉሊት አለበሰችው። ዋጋ ለጠየቀ ሁሉ "ለማሳያ ነው" ይባላል።

የመስኮት ልብስ በየሁለት ሳምንቱ እንደሚቀየር ለአዲስ ገቢ የምታስተምረው ራሷ ነበረች። ግን እትዬ ጉልበታቸውን ታመው ቤት ከዋሉ ወዲህ የሚቆጣ ጠፋ። "ትንሽ ይቆይ" አለች። ትንሹ ሦስት ዓመት ሆነ። በኋላ በር ገብታ በኋላ በር ስለምትወጣ የምታየው የቬሎውን ጀርባ ብቻ ነው። የፊቱ ቀለም ሲለወጥ ያዩት ሻጮችም ክሬም ቀለም ነው ብለው አለፉት።

እንግዲህ የልጇ ሠርግ እሑድ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ።

"ነይ እንጂ፣ የሙሽራዋ እናት!" አለቻት ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛዋ። "ዛሬ እንኳ በፊት በር ወጥተሽ እንይሽ።"

"አፍሽን ትተሽ ዚፑን ያዢልኝ።"

ሰፊዋ ቬሎውን ከአሻንጉሊቷ ላይ ልታወልቅ የግራውን እጅጌ ቀስ አድርጋ ሳበችው። የደረቀ ቅጠል የተረገጠ ያህል ድምፅ ተሰማ። ስፌቱ የተተረተረ መስሏት ጎንበስ አለች። ስፌቱ ደህና ነው፤ የተቀደደው ሐሩ ነው። ደረቱን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ጣቷ ወደ ውስጥ ገባ።

"ፀሐይዋ በልታዋለች" አለች ጓደኛዋ፣ ቀልዱ ጠፍቶባት።

ጀርባው እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ ነበር።

"ፊቱን ብቻ እቀይረዋለሁ! ጨርቅ አምጪልኝ!"

"የምን ጨርቅ፣ እህቴ? የመጨረሻዋ ጣቃ ትናንት ሄደች። የስፌት መኪኖቹም ተጭነዋል።"

ወለሉ ላይ ተቀምጣ በእጇ ልትሰፋው ሞከረች። መርፌው በወጋው ቁጥር ክሩ ሐሩን እየቆረጠ ይወጣል። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እሷ አሁንም ትወጋለች። ጓደኛዋ መርፌውን ከጣቶቿ ፈልቅቃ ወሰደችባትና ቬሎውን ጠቅልላ ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

እትዬ ቁልፉን ሊያስረክቡ በከዘራ እየተደገፉ ሲገቡ ከረጢቱን አዩት።

"አንቺ ልጅ፣ ወሰድሽ?"

"ወሰድኩ፣ እትዬ።"

"እሰይ! ከዚህ ሁሉ ዓመት አንዱ ቃሌ እንኳ ሞላ።" ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ማታ ልጇ የቤታቸው በር ላይ ጠበቀቻት። "እማ፣ አሳዪኝ!" ከረጢቱን ከፈተች፣ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። አላለቀሰችም። ይህ ነው እናትየውን የገደላት።

እሑድ ልጅቷ ከሌላ ሱቅ በተከራየችው ቬሎ ተዳረች። ወገቡ ሁለት ጣት ይሰፋታል። እናቷ ልታጠብበው መርፌ ብታነሳ፣ አከራዮቹ "መርፌ እንዳይነካው" ብለው አስፈርመዋል። የስንቱን ልጅ ወገብ ያስተካከለች ሴት በፊተኛው ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀመጠች፤ ልጇ ቀኑን ሙሉ ወገቧን በክርኗ ተጭና ዋለች።

አሁን ሰፊዋ አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ደጃፍ፣ በር ሥር፣ የሱሪ ዚፕ ትቀይራለች። ከቬሎው ቆርጣ ያስቀረችው ነጭ ጀርባ አልጋዋ ሥር በከረጢት ነው።