ለኮርኒስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰሞኑን ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው ጎረቤት ግድግዳውን በድሪል መብሳት ጀምሮ ነበር። ድምፁን ስሰማ ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። የልጅ ልጄ "ምን ሆነሽ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። የልማድ ነገር ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ካልተቀመጥን አይነገርም።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ቤት ውስጥ ነው። ኮርኒሱ ጠንካራ ግራጫ ሰሌዳ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየሰረገበት ቡናማ ክብ ክብ ያወጣል። ታላቅ እህቴ ዘነበች በዚያ ኮርኒስ ታፍር ነበር። ሰርጓ ለፋሲካ ማግስት ሲቆረጥና መልሱ እኛ ቤት እንደሚሆን ሲታወቅማ አባባም በእሷ ባሰ። "የልጄን መልስ በዚህ ሥር አላበላም! ቅዳሜ በመዶሻ አውርጄ ነጭ ቺፕውድ አስመታበታለሁ" አለ። አባባ አንዴ ካለ አለ ነው።

ጾሙ ሊጋመስ ሲል ዘነበች ከእጮኛዋ ከተስፋዬ ጋር ኬክ ቤት ተቀጣጠረች። ብቻዋን ስለማይፈቀድላት አጃቢዋ እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ሥራ አይሰለቸኝም። ማኪያቶ ስለማይታሰብ በቀይ ሻይ ትኩስ ፓስቲ እየበላን እህቴ የኮርኒሱን ነገር አነሳች። ተስፋዬ ፓስቲውን አስቀመጠው።

"ግራጫ ነው ያልሽኝ? አስቤስቶስ ነው እኮ! በፍጹም እንዳይሰበር።"

"እኔን አይሰማኝም፤ አንተ ንገረው።"

"እኔ? ገና ሳላገባሽ ለአባትሽ ቤትዎን እንዲህ ያድርጉ ልበላቸው?"

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ እጮኛ የወደፊት አማቱን ቀና ብሎ ማየት እንኳ ድፍረት ነበር።

ዓርብ፣ አባባ ከሥራ እንደገባ፣ በራችን ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች! እህቴን የለመኑት እነዚሁ ናቸው፤ ጋብቻው ካለቀ በኋላ ሽማግሌ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ለደግ አይደለም። እናቴ ደረቷን ያዘች። ዘነበች "ሰርጌ ቀረ" ብላ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ አባባ።

"ሳይሰሙን አንቀመጥም። የመጣነው በአስቤስቶሱ ጉዳይ ነው" አሉ የተስፋዬ አጎት፣ አቶ ወልዴ።

አባባ ጆሮው ከበድ ይላል። ፊቱ ወዲያው ተለዋወጠ። "በአስቤዛ? የድግሴን አስቤዛ ልትችሉልኝ? እኔ ልጄን መዳር አቅቶኛል?"

"ኧረ አስቤስቶስ ነው ያልነው!"

"ምንም ይሁን፣ ድግሴን ለእኔ ተዉልኝ! የልጁ አባት አንድ ቀን ደጄን ሳይረግጥ፣ እንዲህ ንቆኝ፣ ጭራሽ ሽንኩርትና በርበሬ ሊልክልኝ? እንዲህ ከሆነ ጋብቻውም ይቅር!"

ከማድ ቤት የእህቴ ልቅሶ ተሰማ። አቶ ወልዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ወንድሜ ንቆዎት አይደለም፤ ዳገቱን መውጣት አቅቶት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጉልምስናውን የጨረሰው ይህን ኮርኒስዎን የመሰለ ሰሌዳ ሲቆርጥና ሲበሳ ነው። አቧራው ሳንባው ውስጥ ቀረ። ዛሬ ከአልጋው ተነስቶ በሩ ጋ እስኪደርስ መሃል ላይ ያርፋል። ልጁ እርስዎን አፍሮ ነው እኛን የላከን። ካልተነካ ክፋት የለውም። አይስበሩት፣ ሚስማር አይምቱበት። ሳይፍቁ ቀለም ይቀቡትና ይተዉት። መነሳት ካለበትም ሥራውን የሚያውቅ ያንሳው።"

አባባ አንገቱን ቀና አድርጎ ኮርኒሱን ከዳር እስከ ዳር አየ። በመጨረሻ "ዘነበች፣ እንግዶቹ እንዳይርባቸው" ብሎ ጠራት። ዓይኗ እንዳበጠ ሽሮና ስልጆ ይዛ መጣች። ስልጆው ሰናፍጭ በዝቶበት ሁሉም ሲያነባ፣ ማን በምን እንዳለቀሰ አልታወቀም።

ለመልሱ ኮርኒሱ ነጭ ተቀባ። ጌጡን ሁሉ በመስኮቱ ብረት ላይ አሰርነው። የተስፋዬ አባት በታክሲ መጡ፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቤቱ በሙሉ ጠበቃቸው። አባባ ከጎናቸው ተቀምጦ በእጁ አጎረሳቸው። በቀጣዩ ክረምት አረፉ።

ያ ቤት ዛሬ የለም። አባባ እስኪያረጅ ድረስ በእግሩ ጊዮርጊስ እየሳመ ኖረ፤ የሞተውም በእርጅና ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ጠዋት ስገባ ተስፋዬን አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። አባባ ተኝቷል።

"ምነው?" አልኩት።

"ትንፋሻቸውን እየሰማሁ ነው። የአባቴ እንዲህ አልነበረም" አለኝና አለቀሰ።

እሱና እህቴ ዛሬም አሉ፤ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ዘነበች ለልጅ ልጆቿ ሽማግሌ እንዴት እንደተላከላት ስትተርክ የምታወራው ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። እኔ ግን ተስፋዬ ምን ያህል እንደወደዳት ያወቅሁት በሁለተኛው ነው።