ለገሃር የሌለው ባቡር

አባቴ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ይህን የሚሉት እርሳቸው ናቸው። ሶፋው ላይ አፋቸው ተከፍቶ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ በዓይኔ በብረቱ እያየኋቸውም አይተኙም። «አባዬ፣ ተኝተዋል እኮ» ካልኳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እያዳመጥኩ ነው» ይሉኛል። ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ የሚኮሩበትም ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ሥራ ላይ አንድም ቀን አላንቀላፉም። ከወንበር ሥር የተጋደመ፣ ከጆንያ ኋላ የተሸጎጠ፣ ሽንት ቤት ገብቶ የቆለፈ፣ ከእሳቸው ዓይን ያመለጠ ትኬት አልባ የለም። ላስ ቬጋስ ከመጡ ወዲህ ይህን ታሪክ እንኳን ለእኛ ለፖስተኛውም ነግረውታል። ፖስተኛው አማርኛ አይችልም።

እዚህ ከተማ ሹፌር የሌለው ባቡር ከሆቴል ሆቴል ሲመላለስ ያሳየኋቸው ቀን ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «ተቆጣጣሪም የለው?» አሉ። የለውም አልኳቸው። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ያለው አፓርታማችን እስክንደርስ አላናገሩኝም።

እኔ ሜዲካል ዲስትሪክት አንድ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሺፍቴ እስኪያልቅ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚቀበሏት አባቴ ናቸው፤ የቤት ሥራዋንም አብረው ይሠራሉ። ሥራው ደግሞ ሁልጊዜ ቪዲዮ ነው። አስተማሪዋ ለክፍልፋይ ቪዲዮ፣ ለእሳተ ገሞራ ቪዲዮ፣ ለኮማና ለነጥብ ሳይቀር ቪዲዮ ትልካለች። በቪዲዮዎቹ ላይ የሚያስተምረው መነጽር ያደረገ የካርቱን ጉጉት ነው። አባቴ መጀመሪያ ያዩት ዕለት አማተቡ፤ ጉጉት ጣራ ላይ ሲጮህ ሟርት ነው እየተባለ ላደገ ሰው ሳሎን ገብቶ ሒሳብ ሲያስተምር ማየት ቀላል አይደለም። ያስታረቃቸው አንድ ነገር ነው። ጉጉቱ ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ብሎ «ግሬት ጆብ» ይላል። አባቴ በዝምታው መሀል በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ጉጉቱም ያደንቃቸዋል። «አየሽ፣ ይሰማል» አሉኝ።

የካቲት ገደማ የጥቁሮች ታሪክ ወር ሲሆን ጉጉቱ ስለ ባርነት ከበድ ያለ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ከዚያ አስተማሪዋ አዘዘች፦ ልጆቹ የተማሩትን ለቤታቸው ትልቅ ሰው በቤታቸው ቋንቋ ያስረዱ፣ ይቀረጹ፣ እንግሊዝኛውን ከሥር ይጻፉ፣ ክፍል ውስጥ ሁሉም ይታያል። ልጄ የቤት ሥራን ከላይ ከላይ መጨረስ ትወዳለች። ያን ሰሞን ግን «ፐርፌክት መሆን አለበት» እያለች ምግብ አልበላ አለችኝ። መኪና ውስጥ አባብዬ አወጣጣኋት። አንዲት የክፍሏ ልጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ «ይሄ ያንቺ ሂስትሪ አይደለም፣ እናንተ በፕሌን ነው የመጣችሁት» ብላታለች።

ደሜ ፈላ። የልጅቷን እናት ስልክ ልፈልግ አሰብኩና ምን እንደምላት ጠፋኝ። በፕሌን መምጣታችን እውነት ነው፤ ሻንጣም ጠፍቶብናል።

«ማሚ» አለችኝ ልጄ፣ «የኔ ካልሆነ ቪዲዮውን ሳየው ለምን አለቀስኩ?»

መሪውን ወደ ቤት አዞርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀረጻ ሆነ። አባቴ ከረባት አሰሩ፤ ጉጉቱ የሚያያቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ስልኩን ያዝኩ፣ ልጄ ፊታቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ አንተ ሊስን አድርግ፣ ኦኬ?» አለች። ልጄ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የምትለው፤ ቤተ ክርስቲያን ቄሱንም ሳይቀር። «ድሮ ድሮ ሰዎች ስሌቭ ነበሩ። ከዚያ ፍሪ ለመሆን ሮጡ። በአንደርግራውንድ ሬይልሮድ።» ወደኔ ዞረች። «በአማርኛ ምንድን ነው?»

እኔም ሳላስበው «የምድር ውስጥ ባቡር» አልኳት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኔ እዚያው ቀደድኩት። ሶፋው ላይ ደገፍ ብለው የነበሩት አባቴ ቀና አሉ።

«ባቡር?»

«አዎ፣ ባቡር» አለች ልጄ ደስ ብሏት።

«ለገሃሩ የት ነው?»

«ለገሃር ምንድን ነው?»

«ጣቢያው፤ ሰው የሚሳፈርበት።»

«እ… ሰው ቤት ነው።»

«ባቡር ሰው ቤት ይቆማል?»

«አዎ፣ ጉድ ሰዎች ቤት።»

አባቴ ነገሩን አሰላሰሉት። «ስንት ፉርጎ ይጎትታል?» አሉ። ፉርጎ ምን እንደሆነ አታውቅም። «እሺ፣ ምድር ውስጥ ከሆነ ጭሱ በየት ይወጣል?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የልጄ ዓይን ግን በእንባ ተሞላ።

«አባባ ሩዊን አደረገው» አለች። «አሁን ሲያዩት ይስቃሉ። ያቺ ልጅ፣ ቤታቸው እንኳን አያውቁትም ትላለች።»

ሳቄ በአንዴ ደረቀ። ልጄን እቅፍ አድርጌ፣ የአውሮፕላኑን ነገር ለአባቴ ነገርኳቸው። ከረባታቸውን እየነካኩ ሰሙኝ።

«በዚህ ቤት ጥቁር የለም ነው የምትለው ልጅቷ?» አሉ። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ያዩን ጀመር። «አንቺ ቀይ ዳማ ነሽ። ልጅሽ ጠይም ናት። እኔን ግን ሰፈሩ ሁሉ ጥቁሬ እያለ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ ይሄ እኔን ይመለከታል። ቅረጪ።» ወደ ልጄ ዞሩ። «ባቡሩን ተዪው። ሰዎቹን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ባቡር የሚባል እንደሌለ፣ ሀዲድም እንደሌለ፣ ሲክሬት ስም ብቻ እንደሆነ። ሰዎቹ በእግራቸው እንደሚሄዱ፣ ከወለል ሥር፣ ከሳር ጋሪ ውስጥ እንደሚደበቁ። መንገድ የሚመራቸውን ሰው ኮንዳክተር እንደሚሉት።

«ከወለል ሥር?» አሉ አባቴ።

«አዎ።»

«ልጅ ይዘው?»

«ቤቢም ይዘው። ቤቢው ካለቀሰ ያገኟቸዋል።»

«የሚፈልጋቸው አለ ማለት ነው።»

«ብዙ። በውሻ።»

የአባቴ የቀኝ እጅ ጣቶች፣ ትኬት ሲበሱ ይመስለኛል፣ ጉልበታቸው ላይ ይከፈታሉ ይዘጋሉ።

«እኔ የተደበቀ ሰው በትንፋሹ አውቃለሁ» አሉ። «ያመለጠኝ የለም።»

የልጄ ፊት ሲጠቁር በስልኩ መስታወት አየሁት። በቃ፣ አለቀልን ብዬ ልዘጋው ስል አባቴ ጉጉቱን እንደሚያናግሩ ቀጥ ብለው ወደ ስልኩ አዩ።

«በዚያ ባቡር ላይ ግን እተኛ ነበር» አሉ።

ልጄ አፏን ከፈተች። «ሥራ ላይ?»

«ሥራ ላይ። እያንኮራፋሁ።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አለቀስኩ፣ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ንፍጤን ስስብ ይሰማል፤ ልጄ ልትቆርጠው ፈቃደኛ አልሆነችም።

ቪዲዮው በታየበት ቀን ቀድሜ ከሥራ ወጥቼ ራሴ ከትምህርት ቤት በር ወሰድኳት። የጭሱ ጥያቄ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አለችኝ። መጨረሻው ላይ ዝም አሉ፣ ማንኮራፋቱን ሲያነቡ ደግሞ ድጋሚ ሳቁ።

«ያቺ ልጅስ?»

«አባባህ በእውነት ያንኮራፋል ወይ አለችኝ።»

«አባባሽ ነው የሚባለው። ምን አልሻት?»

«አዎ አልኳት። ቅዳሜ መጥታ ሊስን ታደርጋለች።»

ቤት ስንገባ ጉጉቱ ሳሎን ውስጥ ስለ እሳተ ገሞራ ያስረዳል። አባቴ ሶፋው ላይ አፋቸው ተከፍቶ፣ መነጽራቸው ተንጠልጥሎ፣ ትንፋሻቸው ያፏጫል። እኔም እንደ ልማዴ «አባዬ፣ ተኝተዋል እኮ» አልኳቸው።

እያዳመጥኩ ነው አላሉም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሥራ ላይ ነኝ» አሉኝ።