ከበሩ ደረጃ የተነቀለው ወፍጮ

የእህቴን ባል ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ላይ ግን እሱ ይበቃዋል። ጦርነቱ ወደ ወልድያ እየተጠጋ ነው ሲባል መርሳ ከተማ ውስጥ እንደሱ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምናውቀው ራሱ ስለነገረን ነው። ጤፉን፣ ገብሱን፣ ማሽላውን በኬሻ በኬሻ እያስጫነ አምጥቶ ሳሎኑን እስከ ጣሪያው ሞላው። ሶፋው ወደ በረንዳ ወጣ። እንግዳ ሲመጣ ኬሻውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ያስጎበኝ ነበር። ጎረቤቱ ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ ፈሪ ብሎ ሳቀበት።

እህቴ ያኔ መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ እኔም ከወልድያ የመጣሁት ስትወልድ ልረዳት ነው። ቢያንስ ለገንፎ የሚሆን ገብስ እናስፈጭ አልኩት። ዱቄት ይሻግታል አለኝ፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ነው፣ የት ይሄዳል? እውነቱን ነው፣ ወፍጮ ቤቱ የትም አልሄደም። የሄደው መብራቱ ነው።

ታጣቂዎቹ ገቡ፤ መብራትም ስልክም ጠፋ። በናፍጣ የሚሰራ ወፍጮ ነበር፣ እሱም ናፍጣው አለቀበት። እህቴ በዚያው ሰሞን፣ ጤና ጣቢያው ተዘግቶ፣ እቤት ወለደች፤ ማርያም ምስጋና ይግባት፣ በሰላም ተገላገለች። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እህል እስከ ጣሪያ በሞላበት ቤት፣ አራሷን የምናበላት ቆሎና ንፍሮ ሆነ። ንፍሮው ሆዷን ነፋትና ተወችው። ጡቷ ደረቀ። ልጁ ይጠባ ይጠባና ተናዶ ያለቅሳል፤ እየቆየ ማልቀሱንም ቀነሰ፤ እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሰውየው ኬሻ ላይ ተቀምጦ ያስባል። ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቀው።

የእናታችን የድንጋይ ወፍጮ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እናታችን ስታርፍ ከገጠር ያመጣነውን እሱ በሲሚንቶ አጣብቆ የበሩ ደረጃ አድርጎት ነበር። እንንቀለው ስለው መጀመሪያ ያዘነው ለሲሚንቶው ነው። ግቢው ውስጥ ከሚኖሩት ወንደላጤ ተከራዮች ዲጅኖ ተውሼ ራሴ ስጀምር ግን ተቀበለኝ። ለመቆፈርስ አልሰነፈም፤ መቆፈር የወንድ ስራ ነዋ። ወፍጮውን ቤት ውስጥ አስገባነው፤ በእጅ የሚገፋው መጅም ከጓሮ ተገኘ።

በልጅነቴ ፈጭቻለሁ። መንደራችን ወፍጮ ቤት ሲገባለት ከኔ በላይ የተደሰተ አልነበረም፤ ስለ ድንጋይ ወፍጮ ዱቄት ጣዕም የሚያወሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ፣ አንድ ቀን ተንበርክከው ቢያዩት እላለሁ። ያም ሆኖ ገብሱን ቆልቼ ፈጨሁ። ገንፎው ሻካራ ነበር፤ እህቴ ግን በላችው፣ ጡቷም ወተት ያዘ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እሱም ደስ ብሎት፣ ድስቱ ውስጥ የተረፈውን በላ።

ከዚያ እጄ አበጠ። አንጓዬ እንቁላል አክሎ ጭልፋ እንኳ መያዝ አቃተኝ። ዱቄቱ አለቀ፤ ልጁም እንደገና መነጫነጭ ጀመረ። ለአንድ ቀን እሱ እንዲፈጭ በትህትና ለመንኩት። እንዳበድኩ ሁሉ አየኝ። ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ ተከራዮቹ ቢያዩት ምን ይላሉ? ደግሞ ውርጌሳ የሚሰራ ወፍጮ አለ ሲባል ሰምቷል፤ መንገዱ ሲከፈት ይሄዳል። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ግን አልሰማም።

እህቴ ይሄን ሁሉ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። ተነሳች። መቀነቷን አጥብቃ፣ ግድግዳውን እየያዘች መጣችና ልጁን ባሏ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወፍጮው ላይ ልትንበረከክ ጎንበስ ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ ደግፌ ያዝኳት። ልጁ የአባቱን ደረት በአፉ ሲፈልግ ቆይቶ የሸሚዙን ቁልፍ አገኘና መጥባት ጀመረ። ሰውየው ደንግጦ ወደኔ ዘረጋው።

«ለሷ አትስጣት» አለች እህቴ፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «መፍጨቱ ካሳፈረህ፣ አንተ አጥባው።»

ሰውየው ልጁን አልጋው ላይ አስተኛው። ሄዶ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱንም ዘጋ፣ ከዚያ ተንበረከከ። መጁን እንደ ዲጅኖ ጨብጦ ይገፋ ጀመር፤ የገብሱ ግማሽ መሬት ላይ ይፈሳል። ተከራዮቹ ውጭ ልብስ ያጥባሉ፤ ወሬያቸው ይሰማናል።

እህቴን አስተኝቼ ተነሳሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ጋሼ» አልኩት፣ «በጨለማ አይፈጭም።»