የአያ ትዕዛዙ ዳማ እና አርባ ስምንቱ ከለር

የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። ዋጋዬ ትባላለች። ዳንግላ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። እኔ በዛብህ ደግሞ ከዳንግላ እንጅባራ ሚኒባስ እነዳለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ የሆነውን በሆነበት ተራ ብቻ ነው የምናገረው። ዝም ልበል ብል ደግሞ አልቻልኩም፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ውስጤን ይከነክነኛል።

ዋጋዬ ሥዕል ትወዳለች። ተምራው አይደለም። ልጃችን ሜላት ከዓመታት በፊት ሦስተኛ ክፍል ስትጨርስ የተረፋትን ባለ አሥራ ሁለት ከለር እናቷ ወሰደችው፤ በዚያው የእናቷ ሆኖ ቀረ። በብስኩት ቆርቆሮ ነበር የምታስቀምጠው። መቅረጫ ከለር ይበላል ትላለች፤ በምላጭ ነው ቀስ አድርጋ የምትልጠው። ከለሩ አጥሮ ከጣት አልያዝ ሲል ቀለሙ ያለቀ የስክሪፕቶ ቀፎ ውስጥ ትሰካዋለች፤ እንደገና ረጅም ይሆናል። ወረቀቷ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ነው። እሁድ ምሳ ከተበላ በኋላ ዱካዋን በሩ ላይ ታወጣና ፀሐይዋ እስክትሄድ ትስላለች።

የማትስለው የለም። ዶሮ ትስላለች፣ ክሊኒኩ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ትስላለች። ከሁሉም ግን ፈረስ ነው። እሷ የቆሰበር፣ ማለትም የእንጅባራ ገጠር ልጅ ናት፤ እዚያ ደግሞ ፈረስ እንደ ቤተሰብ ነው የሚታየው።

ፈረስ ስትቀባ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሙሉውን ፈረስ ቢጫ ታደርገዋለች። ቢጫ ፈረስ የት አገር አለ ብዬ ስቄባት አውቃለሁ። ከዚያ በቢጫው ላይ ቀይ ትጨምራለች፣ ሳትጫን፣ ዱቄት እንደሚነፋ። ከዚያ ቡናማ። ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር፣ በጣም ትንሽ። ሬዲዮዬን ነካክቼ ቀና ስል ዳማ ፈረስ ፀሐይ ላይ ቆሞ አገኛለሁ። ዳማ ማለት ያ ቀላ ያለው፣ ሲያብለጨልጭ የመዳብ ድስት የሚመስለው የፈረስ መልክ ነው። በአሥራ ሁለት ቁራጭ ከለር ይሄን ታመጣዋለች። ደስ ብሏት ነበር የምትሠራው። እዚያ ላይ ብተዋት ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

አምና ክረምት ላይ ቀዩን ከለር በጥፍሯ ጫፍ ይዛ ስትታገል አየኋት። ባሕር ዳር በኮንትራት ስሄድ ባለ ሃያ አራት ገዝቼ መጣሁ። በጣም ደስ አላት። ደስታዋ እኔን አበላሸኝ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የሚመላለስ ደንበኛዬን ለምኜ ባለ አርባ ስምንት፣ በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ያለውን አስመጣሁላት። ወፍራም ወረቀት አመጣሁ። በውሃ የሚሟሟ ከለር አመጣሁ። ላጲስ ብቻ ሦስት ዓይነት። እሷም ለመደችው፤ ማታ ስገባ ዓይኗ ከፊቴ በፊት ፌስታሌን ማየት ጀመረ። ጠረጴዛችን ሞላና ምሳችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን።

ሥዕሉ ግን ቆመ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም፣ ምክንያቱም እጇ ሁልጊዜ ከለር ላይ ነው። ታወጣቸዋለች፣ ትደረድራቸዋለች፣ ከነጭ ወደ ጥቁር አድርጋ እንደገና ትደረድራቸዋለች። ወረቀት ላይ አርባ ስምንት ትንንሽ ሳጥን ሠርታ እያንዳንዱን ከለር ቀብታ ቁጥሩን ጻፈችበት፤ ይሄ ሁለት እሁድ ፈጀ። አንድ ቀን ቆርቆሮው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ግማሾቹ በተቀረጹ ቁጥር ውስጣቸው የተሰበረው እየወጣ መጣላት። ያልተሰበሩትን ደግሞ አትነካቸውም። ይሄ ለጥሩ ሥዕል ይቆይ ትላለች። ጥሩው ሥዕል ሳይመጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሠራችው አንድ ዶሮ ነው፣ እሱም ጭራ የለውም።

«ዶሮው ጭራ አላበቀለም?» አልኳት አንድ እሁድ።

«አንተ የጎማህን ንፋስ እይ» አለችኝ።

እውነትም ነገር ነገር ማለት ጀምሯት ነበር። ከለሩን ከፍታ ዘግታ በተነሳች ቁጥር እኔና ሜላት ጥግ ጥጋችንን እንይዛለን። ቤቱ ጠቧት ነው ብዬ አሰብኩና ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። አሮጌውን የብስኩት ቆርቆሮ ከነቁራጮቹ ወስጄ ለጎረቤታችን ለስሜነሽ ሰጠኋት፤ እሷ ሥራ የሚውሉ ሰዎችን ልጆች ቤቷ ትጠብቃለች። ለዋጋዬ አልነገርኳትም። የማይጠቅም ነገር ቀነስኩ ብዬ ነበር።

ጥር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የዋጋዬ አጎት አያ ትዕዛዙ ከእንጅባራ በኔው ሚኒባስ መጡ። ባላገር ናቸው፤ አማርኛቸው መሐል አዊኛ ጣል ያደርጋሉ። ዳማ ፈረስ አላቸው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው። በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት ፈረሰኞች እንጅባራ ሲወጡ አያ በእሱ ላይ ሆነው ሲወጡ ነው የኖሩት። አምና ዳሌያቸው ተሰበረ። አሁን ኮርቻ ላይ መውጣት አይችሉም።

ፈረሱን እንደሸጡት ነገሩን። የጫግኒ ሰው ነው የገዛው፣ አድማሴ የሚባል፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል። በዓሉ ሳይደርስ ይሂድልኝ፣ ያን ቀን ደጄ ላይ ቆሞ ሲያየኝ አልችልም አሉ። ልጓሙን ግን አልሸጡም። ልጓሙን ቤታቸው ሊሰቅሉት ነው። የመጡበትን ጉዳይ ለመናገር ትንሽ አፈሩ፣ ሻያቸውን አዟዟሩ።

«ከልጓሙ ሥር የሚሰቀል፣ ራሱን ፈረሱን ሳዪልኝ» አሉ በመጨረሻ።

ሜላት ፈጠን ብላ ባለፈው ያነሳችውን የፈረሱን ፎቶ ከስልኳ አሳየቻቸው፤ እናሳጥበው አለች። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ይሄማ ጉራቻ ነው፣ የማን ነው አሉ። እውነትም ስልኩ አጥቁሮታል። ዋጋዬ እስላለሁ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ሲፈታ አየሁ፤ ጥሩው ሥዕል መጣ ማለት ነው።

ረቡዕ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ሄደች። ባለ አርባ ስምንቱን፣ ባለ ሃያ አራቱን፣ በውሃ የሚሟሟውን፣ ወፍራሙን ወረቀት፣ ላጲሶቹን፣ ሁሉንም በትልቅ ዘንቢል ይዛለች። ተሳፋሪዎች ለቅሶ ልትደርስ ምግብ የያዘች ነው የመሰላቸው። አዲስ ቅዳም ከተማን አልፈን የከሰል ጆንያ በተደረደረበት መንገድ ስንሄድ እሷ ዘንቢሉን ታቅፋ ነበር። እንጅባራ በባጃጅ ከአያ ቤት አደረስኳት።

ተራዬ እስኪደርስ ብዬ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሼ አየኋት። አያ ፈረሱን አጥበው፣ ጋማውን አበጥረው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሦስት ሰዓት ሙሉ ገመዱን ይዘውላት ቆመዋል። እሷ ጆንያ ላይ ከለሩን ዘርግታለች። ቡናማ የሚባለው ብቻ ሰባት ዓይነት ነው። አንዱን ታነሳለች፣ ከፈረሱ ጎን ታስተያያለች፣ ትተወዋለች። ወረቀቱ ላይ የፈረሱ ቅርጽ ብቻ አለ። ነፋስ መጥቶ ሁለት ከለር እበት ውስጥ ከተተባት። አያ ዳሌያቸው እንዳመማቸው ከአቋማቸው ያስታውቃል።

«የቱ ነው እሱን የሚመስለው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቤት በቢጫ ትጀምሪ አልነበር?»

«ያኔማ ስላልነበረኝ ነው» አለች።

ይሄን ስትለኝ መናገር ነበረብኝ። ተራዬ ደርሶ ነበርና ሄድኩ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወስዳት ፈረሱ አሁንም ነጭ ወረቀት ነው። ቤት እጨርሰዋለሁ አለች። ሐሙስ ከሥራ መልስ ቁጭ ብላ የሜላትን ስልክ አጠገቧ አድርጋ ከሰባቱ ቡናማ አንዱን መረጠች፣ ከፎቶው ጋር የሚሄደውን። ሙሉ ፈረሱን በዚያ በአንዱ ቀባችው። ሲያዩት ልሙጥ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እንደ ታተመ ነገር። እኔ አሪፍ ነው አልኩ። ዓርብ ከሥራ አስፈቅዳ ይዘንላቸው ሄድን።

አያ ትዕዛዙ ወደ ብርሃን ወጡና በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት። ጎረቤታቸው አሸናፊም በትከሻቸው ላይ አየ።

«ጥሩ ፈረስ ነው» አሉ። «የማን ነው?»

ዋጋዬ የእርስዎ ነው እንጂ አለች። ነጩን ግንባር አሳየቻቸው።

«የኔ ፈረስ ዳማ ነው» አሉ። ድምፃቸው አልከረረም፤ እንዲያውም ያዘኑላት መሰለኝ። «ይሄ ዳማ አይደለም። ጉራቻም አይደለም፣ ቡላም አይደለም። ይሄ መልክ ስም የለውም ልጄ። ስም የሌለው ፈረስ ደግሞ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

አሸናፊ በቅሎ ይሆናል ብሎ ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም። አያ ወረቀቱን መልሰው ሰጧት፣ ምሳ ብሉ አሉን፤ አልበላንም።

መንገዱ ግማሽ እስኪሆን ወረቀቱን ጠቀለለች፣ ፈታች። ከዚያ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለችኝ።

«የመንደሩ ሕፃን የፈረስ መልክ ያውቃል። እኔ የዚያ አገር ልጅ፣ ስም የሌለው ፈረስ ስዬ ወሰድኩ። ያን ሁሉ ማን አምጣልኝ አለህ?»

አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር ልል አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ቤት ስንደርስ የብስኩት ቆርቆሮዬ የታለ አለች። ነገርኳት። ወዲያው ስሜነሽ ቤት ሄደች። ቆርቆሮው አለ፣ ልጆቹ የጠጠር ማስቀመጫ አድርገውታል፤ ከከለሮቹ የተረፈው አረንጓዴና ግማሽ ሰማያዊ ነበር።

ቆርቆሮውን ይዛ ተመልሳ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ጠጠሩን አራገፈች። ከዚያ ከባለ አርባ ስምንቱ ውስጥ አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ቡናማ፣ አንድ ጥቁር አወጣችና ቆርቆሮው ውስጥ ጣለቻቸው። የቱ ቡናማ እንደሆነ አልመረጠችም፤ እጇ የደረሰበትን ነው ያነሳችው።

«ረቡዕም ዘንቢሉ ውስጥ ነበሩ» አለች። ለኔ አይደለም የተናገረችው።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ወጣን። አያ ቤት ስንደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። አያ ሲያዩዋት አልተቆጡም፤ ፈረሱን አወጡላት። አዲስ ቅርጽ ፈጠን ብላ በካላንደር ጀርባ ላይ አወጣችና ሙሉውን ቢጫ አደረገችው። አያ አጎንብሰው አይተው ገረማቸው። ቀይ ጨመረች። ጣቷ በብርዱ አልታዘዝ እያላት በትንፋሿ ታሞቀዋለች። ቡናማውን ከራሱ ጀምራ ወደ አንገቱ፣ ወደ ጀርባው ወረደች። ዳማው መምጣት ጀመረ። እኔ ተራዬን ትቼ ነው የቆምኩት።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አድማሴ ከሌላ ሰው ጋር መጣ። ትንሽ ጠብቀን ብዬ ለመንኩት፤ መኪናው መንገድ ላይ ቆሟል፣ ሌላ ከብትም ጭኗል፣ አልችልም አለ። እውነቱን ነው። አያ ልጓሙን ፈቱና አድማሴ ባመጣው ገመድ አሰሩለት። ዋጋዬ ቀና ሳትል ትቀባለች፣ ሆዱ ላይ ደርሳለች። ፈረሱ ከአጥሩ ሲወጣ እጇ ቆመ።

አያ ልጓሙን እንደያዙ መጥተው ወረቀቱን አዩ። አንገቱ ላይ ያለውን ቀለም ሳይነኩ በጣታቸው አየር ላይ ተከተሉት።

«ይሄ ዳማ ነው» አሉ።

ዋጋዬ እግሮቹ ቀርተዋል፣ በመስመር ብቻ ነው ያሉት፤ ቤት ወስጄ ልጨርሰውና ላምጣ አለቻቸው።

«አይሆንም። ፈረሱ ሄደ፤ ከእንግዲህ የምትጨምሪው ከሌላ ፈረስ ነው።» ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። ከልጓሙ ሥር በሚስማር መቱት።

ጥር ሃያ ሦስት ቀን ፈረሰኛው ከተማውን ሲሞላው እኛ አያ ቤት ነበርን። የመጣው እንግዳ ሁሉ ሥዕሉን ያይና ዳማ ነው ይላል፤ ከዚያ እግሩስ ብሎ ይጠይቃል። አያ እግሩ ጫግኒ ነው ይላሉ። ሰው ይስቃል። ዋጋዬ አትስቅም። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውጭ ታያለች።

አሁን እሁድ እሁድ በአራቱ ትስላለች፤ ዶሮውም ጭራ አብቅሏል። የቀረው ከለር ሁሉ አልጋ ሥር ነው፤ ለሜላት ትምህርት ቤት ልስጠው ስላት ወሬ ትቀይራለች። አንዳንዴ ምላጩን ይዛ ቀና ትልና አንድ ነገር ትለኛለች።

«ረቡዕ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ቆሞልኝ ነበር እኮ።»

እኔም የጎማዬን ንፋስ ለማየት እወጣለሁ።