ያልጠፋው የበር ቁጥር

አክስቴ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የበሯን ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ትወለውል ነበር። የሸዋ ሮቢት አቧራ ለአንድ ቀን እንኳ እንዲሸፍነው አትፈቅድም። ቀበሌው የቤት ቁጥሮችን ሲቀይር፣ ቀለም የያዘ ሠራተኛ አሮጌውን ሊያጠፋ መጣ።

«ተወው የኔ ልጅ፣ ልጄ የሚያውቀው ይሄን ነው።»

«አዲሱን ይጻፉለታ፣ እትዬ።»

«ጽፌለታለሁ። መልስ ግን አልመጣም። ይድረሰው አይድረሰው በምን አውቃለሁ?»

ሠራተኛው አሮጌውን ሳያጠፋ አዲሱን ከሥር ጽፎ ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናት። በሠልስቷ ጠዋት ጨርቋን በምትሰቅልበት ምስማር ላይ ደርቃ አየኋት፤ ማንም አልነካትም። ከቤት ስወጣ ያ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሟል። ለልቅሶ የለበሰውን ነጠላ ጫፍ ይዞ አሮጌውን ቁጥር ይወለውላል።