በጉደር ወንዝ የታጠበው ንጹሕ አንሶላ

እኔ ወፍ አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍ ለእኔ ከተሰጣ እህል ላይ «እሽ!» ተብሎ የሚባረር ነገር ነው። ጎሕ ሲቀድ ከሞቀ አልጋዬ ተነሥቼ፣ ጤዛው እስከ ጉልበቴ እያራሰኝ፣ ወፍ ለማየት ወንዝ እንደምወርድ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጠበል ውሰዱት ነበር የምለው። ግን ወረድኩ። ስንት ዓመት ወረድኩ! ያወረደኝም ወፍ ሳይሆን ፍርሃት ነው።

ባሌ የሳይንስ መምህር ነበር። ተወልዶ ያደገው ምጽዋ ነው። አባቱ ወደብ ላይ ይሠሩ ስለነበር ሥራ ከመግባታቸው በፊት በባሕሩ ዳር እየወሰዱት ወፍ ማየት አስለመዱት። ጉደር ሲመደብ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ቤት ኪራይ ሳይሆን ውሃ መኖሩን ነው አሉ። እኔን አምቦ አግኝቶ አገባኝና ይዞኝ ጉደር ገባ። ወንዙን «ባሕሩ» ይለው ነበር፤ «ባሕር ዳር ደርሼ መጣሁ» ሲለኝ እስቅበታለሁ። አንድ ቀን ምጽዋ ወስዶ፣ ማዕበሉ ሲመጣ ወደ ኋላ ሲመለስ ወደ ፊት የሚሮጡትን እግረ ቀጫጭን ወፎች እንደሚያሳየኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ ለውጡ መጣ፤ ቃሉም በዚያው ቀረ።

አሁን ተመልከቱልኝ። ሰውዬው የምጽዋ ልጅ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ብቻውን ገንጣይ ለመባል ይበቃል። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባይኖኩላር፣ ሩቁን የሚያቀርበው መነጽር፣ ደግሞ ከለውጡ በፊት አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲሄድ የተወለት ነው። ወፎቹን የሚያይበት ቦታ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከድልድዩ በታች! አብዮት ጠባቂ ጠመንጃ ይዞ ከሚያድርበት ድልድይ በታች። ለምኜዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ ተኮራርፈን ሰንብተናል። እሱ ግን ወፍ ማየት በየትኛው አዋጅ እንደተከለከለ ይጠይቀኛል። ለመሆኑ ሰው መሆን በየትኛው አዋጅ ተፈቅዷል ብዬ ልጮኽበት ይቃጣኝና ጎረቤት ይሰማል ብዬ እውጠዋለሁ።

እጃጂ የሚያስተምር አንድ ጓደኛ ነበረው። ለጥያቄ ተፈልጎ ወደ አምቦ ተወሰደ፤ ሚስቱም ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን እኛ ቤት ስትገባ ሰሃኑ እንደታሰረ በእጇ ላይ ነው። ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ ብለዋት ነው። የዚያን ጊዜ ይህ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሰሃኑ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ የሚከፍተው ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ባሌ ባይኖኩላሩን በጋቢው ሸፍኖ ሲወጣ አየሁት። ዘልዬ ተነሣሁና የሰርጌን ነጭ አንሶላ ከሳጥን አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው፤ ጭምድድ አድርጌ በገበቴ ያዝኩና ተከተልኩት።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ብቻውን ወንዝ ዳር የሚያደባ ወንድ ያስጠረጥራል፤ ልብስ ልታጥብ የወረደች ሚስቱን አጅቦ የቆመ ባል ግን ማንን ያስጠረጥራል? ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ «ባሕሩ» ሲወርድ አብሬው ወረድኩ። የሁለት ሰው ልብስ በየጠዋቱ ስለማይቆሽሽ ያንኑ ንጹሕ አንሶላ እየመላለስኩ አጥብ ነበር። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ ስለነበር እንዶድ እወቅጣለሁ። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ። ጠባቂው የአገሩ ልጅ ነው፤ «አካም ቡልቴ፣ እትዬ?» ብሎ እንዴት አደርሽ ሲለኝ፣ እኔም ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ጮክ ብዬ ስለ ላሙ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ዝናቡ በኦሮምኛ እጠይቀዋለሁ። ባሌ እስኪያልፍ ሰላምታዬ አያልቅም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ ጋጋኖ የሚባለው ወፍ አለ። ዛፉ ላይ ሆኖ ገና ሲያየን ያንን አገር የሚያናውጥ ጩኸቱን ይለቀዋል። ለቀበሌ ተቀጥሮ የሚሠራ ነበር የሚመስለኝ። ባሌ ግን ፊቱ ይበራል። እኔ ድንጋይ ላይ አንሶላ እየደበደብኩ ዓይኔን ከድልድዩ ላይ አላነሣም፤ እሱ ዓይኑን ከቁጥቋጦው ላይ አያነሣም። ከሁሉም የሚወዳት አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ የሸክላ ቀለም፣ ቀይ ምንቃሯ ለአካሏ የማይመጥን ረጅም። የእኔ እንዶድ አረፋ ወደ ታች ሲፈስ ትናንሽ ዓሦች ይሰክሩና ሆዳቸውን ወደ ላይ ያደርጋሉ። ይህችም አጅሬ ይህን ታውቃለች። ከመታጠቢያው ድንጋይ በታች ያለው ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጥና አረፋውን ትጠብቃለች። ባሌ ስለ ዓሦቹ ያዝናል፤ ስለ ወፏ ይደሰታል። እኔ ቶሎ በልታ ብትሄድልኝና ወደ ቤታችን በገባን እላለሁ።

አንሶላውን አጥቤ ሣሩ ላይ አሰጣዋለሁ። ማንም ሴት እንደምታደርገው።

አንድ ጠዋት ከቁጥቋጦው መሐል ጠባቂዎች ወጡ። አልጮኹም፣ አልሮጡም። አንደኛው ባይኖኩላሩን ከባሌ አንገት ላይ አወለቀ፤ ሌላኛው የተሰጣውን አንሶላ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ። ባሌን ከፊት፣ እኔን ከኋላ አድርገው ወደ ቀበሌው ነዱን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከለውጡ በፊት አምቦ ልብስ ሰፊ ነበር። ያንን አንሶላ ለሰርጌ የዘመዘመው እሱ ራሱ ነው፤ እናቴ ጨርቁን ይዛለት ሄዳ ዋጋ ስትከራከረው አስታውሳለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በጣቱ ዳበሰው፤ ጠርዙን አየ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ከዚያ ድልድይ ጠባቂዎቹ ያሉትን ነገረን። ባሌ ማዶውን በመነጽር ባየ ቁጥር እኔ ነጭ ጨርቅ ሣር ላይ እዘረጋለሁ። ለማን ምልክት ነው የምንዘረጋው? ማዶ ማን አለ? አለን። እኔ ልብስ አጥቤ ነው አልኩ።

«ይህ አንሶላ ቆሽሾ አያውቅም» አለኝ። «እኔ ጨርቅ አውቃለሁ። ንጹሕ ጨርቅ ማን ያጥባል?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባሌን ላድንበት ያወጣሁት አንሶላ እሱን ሊያስበላው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የምዋሸው ውሸት አጣሁ።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

«ምን ፈርተሽ?»

«እርስዎን።»

ሊቀመንበሩ፣ ንጹሕ ሰው አብዮቱን አይፈራም አለና ፊቱን አዞረ። ባሌ ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። ለነፍሱ የሚከራከር ይመስላችኋል? ስለዚያች ወፍ ማውራት ጀመረ! ስለ ቅርንጫፏ፣ ስለ አረፋው፣ ስለ ዓሦቹ። አንዱ ጠባቂ ሳቁን በእጁ አፈነ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። በማግስቱ እስረኛ የሚወስድ የአምቦ መኪና እንደሚመጣ ነገረን። መኪናው ከመድረሱ በፊት እሱ ራሱ ወፏን አይቶ ካመነ ጥሩ፤ ካላየ ግን የሚጠይቁት አምቦ ያሉት ናቸው። ባሌን እዚያው አሳደሩት፤ እኔን አንሶላዬን አስይዘው ወደ ቤት ሰደዱኝ። ስገባ ያ የስንቅ ሰሃን ከመደርደሪያው ላይ አፈጠጠብኝ። የጓደኛው ሚስት ሳትወስደው ቀርታ ነበር።

ሲነጋጋ ወንዙ ዳር ነበርን፤ ሊቀመንበሩ፣ ጠባቂዎቹ፣ ባሌና እኔ። ጋጋኖው ጮኸና ተነሥቶ ሄደ። ያንን ሁሉ ጫማና ጠመንጃ ሰምቶ ሌላውም ወፍ አብሮ ሄደ። ቅርንጫፉ ባዶ ነው። ባሌ ከንፈሩ ደርቆ፣ ጠባቂዎቹን ዝቅ ብለው እንዲቀመጡ በእጁ ለመናቸው። ተቀመጡ። ጠበቅን። ሊቀመንበሩ ወደ መንገዱ ያያል። እኔም የመኪና ድምፅ የሰማሁ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

ይዤ የመጣሁትን እንዶድ ከቋጠሮው ፈታሁ። ድንጋይ ላይ ስወቅጠው ጣቴን ጨፈለቅኩት፤ አልተሰማኝም። አንሶላውን ነከርኩ፣ አሸሁት፣ አረፋው ወጣ። እመቤቴ፣ ምነው አንድ ጊዜ! አረፋው ወደ ታች ፈሰሰ። ከድንጋዩ በታች አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፤ ዓሣ ነው። ቀጥሎ ሌላ። ቅርንጫፉ አሁንም ባዶ ነው። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። በቃ፣ አለቀ፣ አልኩ በሆዴ። ድንገት ከቀኜ በኩል ሰማያዊ ነገር ሽው አለና ቅርንጫፉ ተወዛወዘ። መጣች! አረፋው ውስጥ ጥልቅ ብላ ዓሣዋን ይዛ ወጣች፤ ቅርንጫፉ ላይ ሁለቴ ደበደበችውና ዋጠችው። ባሌ በመነጽሩ ይዩአት ብሎ ሊቀመንበሩን በሹክሹክታ ለመነው። ሰውየው ባይኖኩላሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ወፏ ከሄደች በኋላም አላወረደውም፤ ቀስ ብሎ ወደ ድልድዩ፣ ከዚያ ወደ ቤቶቹ፣ ከዚያ ወደ እኛ ግቢ አዞረው።

ባሌን ለቀቀው። ባይኖኩላሩን ግን በራሱ አንገት ላይ አንጠለጠለው፤ ለድልድዩ ጥበቃ ያስፈልጋል አለ። ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ማጠብሽን ቀጥዪ። ካቆምሽ ለምን እንዳቆምሽ እጠይቅሻለሁ።»

ስለዚህ ቀጠልኩ። ብቻዬን፣ ንጹሕ አንሶላዬን ይዤ። እሱ ድልድዩ ላይ ሆኖ በባሌ ባይኖኩላር ያየኛል፤ አንዳንዴ መስተዋቱ ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ ይላል። ባሌ ከዚያ ቀን በኋላ ፀሐይ በደንብ ሳይወጣ ደጅ አይወጣም። ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። «ዛሬ ማን መጣ?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ በንዴት ማንም እለው ነበር። ፊቱ እንደዚያ ሲጨልም ግን አንጀቴን በላውና ማየት ጀመርኩ። ሽመላ፣ ሳቢሳ፣ ዳክዬ፣ ስሙን የማላውቀውን በቀለሙ። አንዳንዴ ደስ እንዲለው ያላየሁትን እጨምርለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ያ ወፍ በዚህ ወር አይመጣም ብሎ ይይዘኛል። ያኔ ብቻ ነበር የሚስቀው። አንሶላው እንደ ወንፊት ሳስቶ ሌላ ገዛን።

መንግሥት የተገለበጠ ጊዜ ሊቀመንበሩ የገባበት አልታወቀም። ድልድዩ ባዶውን አደረ። ጠዋት የባሌን ጫማ ከደጃፉ አስቀመጥኩና ና፣ አብረን ባሕራችን እንውረድ አልኩት። ተነሣ። ጋቢውን ለበሰ። በሩን ከፈተና አንድ እግሩን አወጣ። ከወንዙ በኩል ጋጋኖው ጮኸ። እጁ እጀታው ላይ ደረቀ፤ ከዚያ እግሩን መልሶ አስገባ።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ። «ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጄን ወረድኩ። ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አረፋ ስለሌለ ወፏ አልመጣችም፤ ያለ ከልካይ አለቀስኩና ተመለስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ነበር። ማን መጣ ሳይለኝ በፊት እኔ ቀደምኩት። ማንም አልመጣም፣ ድልድዩ ላይም ማንም የለም፣ ነፃ ነን አልኩት።

ወደ በሩ አየ።

«ነገስ?» አለኝ።

 አንሶላውን ከአልጋው ላይ ገፈፍኩና ለነገ እንዶድ መውቀጥ ጀመርኩ።