ባንኮክ ውስጥ የተሳለምኩት ደጅ

ባንኮክ ውስጥ ጫማዬን አውልቄ የተሳለምኩት የማንን ደጅ ነው? ዛሬም መልሱን አላውቅም። ከመነሻው ልጀምር።

ጌታሁንና እኔ ኬንት ካለው ቤታችን የወጣነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰማዩ ሲያካፋ ባደረበት ማለዳ ነው። ጉዞው የተጋባንበትን ሃያኛ ዓመት ለማክበር ነበር። ባንኮክን የመረጠው ባለቤቴ ነው፤ በታክሲው ያሳፈረው መንገደኛ «ምግቡ ርካሽ፣ ሰዉ ሳቂታ» ብሎት ልቡ ሸፍቷል። እኔ በበኩሌ ከቤተ መጻሕፍት ሦስት የጉዞ መጻሕፍት ተውሼ፣ የጀልባውን መስመር ሳይቀር በደብተሬ ነድፌ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ነገር ሳላነብ ንቅንቅ አልልም።

የምንቆየው አራት ቀን ብቻ ነው። ከተመለስን በሳምንቱ የጎረቤታችን የሰናይት ልጅ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። እኛ ልጅ የለንም። ሰናይት «አንቺ አንሺልኝ» ያለችኝ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። ሞተር ሳይክሎች በመኪኖች መሐል እንደ ውኃ ይፈስሳሉ፤ አንዱ ላይ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንድ የቤት ማራገቢያ ተጭነዋል።

«ሶ፣ እኔ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ በመኪናው ብዛት የማማርረው ምን ሆኜ ነው?» አለ ጌታሁን።

ሁለተኛው ቀን

በአገሩ ገንዘብ በአሥራ አምስት ባት ጀልባ ተሳፈርን። ትኬት ቆራጯ ሳንቲም የሞላ ቆርቆሮ እያንሿሿች በሰው መሐል ትሽሎከለካለች። ወንዙ ዳር ማንጎ በሩዝ፣ ላዩ ላይ የኮኮናት ወተት ፈስሶበት ቀረበልን።

«ይሄ ቁርስ ነው ምሳ?» አለ ጌታሁን በጥርጣሬ። ሦስት ሰሃን በላ።

ሦስተኛው ቀን

የቻይናዎቹ ሰፈር ገበያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው። በዚያ ላይ ጋሪ ይገፋበታል። አንድ ጋሪ ለማሳለፍ ግድግዳ ተጠግቼ ቀና ስል ጌታሁን የለም። የሆቴሉ ካርድ፣ ገንዘቡ፣ ስልኬ፣ ካሜራው ሁሉ እሱ ጋ ነው። ስሙን ጠራሁ፤ የዞረልኝ ዶሮ ሻጩ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተንከራተትኩ። ደብተሬ ላይ ያ መተላለፊያ አልነበረም።

በመጨረሻ ከአንድ ሰፊ በር ፊት ወጣሁ። ሴቶች ጫማቸውን በረድፍ እያወለቁ ይገባሉ፤ ከውስጥ ደወል ይሰማል። እግሬ ከእኔ ቀደመ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ አማተብኩ፣ የበሩን ምሰሶ ሳምኩና «እመቤቴ፣ ያንን ዝንጉ ሰው መልሺልኝ» አልኩ።

ቀና ስል፣ ከውስጥ ወርቅ የተቀባ ቡድሃ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ደነገጥኩ። ግቢውን ስትጠርግ የነበረች አሮጊት ግን ስስም አይታኝ ኖሮ፣ ፊቷ በርቶ መጣች፤ እጄን ይዛ ጥላ ሥር አስቀመጠችኝና ውኃ ሰጠችኝ። የጋብቻ ቀለበቴን አሳየኋት፤ የሰውዬውን ቁመት በእጄ ለካሁላት፤ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ አመለከትኳት። ገብቷት ሳቀች። ውኃውን ጠጥቼ ሳልጨርስ ጌታሁን ሸሚዙ በላብ ርሶ ከተፍ አለ።

«የት ገባሽ አንቺ ሴትዮ? ገበያውን እኮ በአማርኛ አናጋሁት!»

«እንዴት አገኘኸኝ?»

«ጫማሽን አይቼ ነዋ! ከዚህ ሁሉ ነጠላ ጫማ መሐል ክሩ ታስሮ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ የተቀመጠ ያንቺ ብቻ ነው። ደሞ እዚህ ምን ልትሠሪ ገባሽ?»

«ላርፍ» አልኩት።

ማታ ከጎኔ ሲያንኮራፋ እኔ ነገሩን አገላብጥ ነበር። ባልሳለም ኖሮ ጫማዬን አላወልቅም፤ ባላወልቅ እሱ አልፎኝ ይሄድ ነበር። ታዲያ የቡድሃ ደጅ የተሳለመች ሴት ሕፃን ታቅፋ መጠመቂያው ፊት ትቆማለች? ጌታሁን ቢሰማ ደግሞ እስከ ሃምሳኛ የጋብቻ ዓመታችን ይቀልድብኛል።

መመለሻ

በአራተኛው ቀን ለሕፃኗ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ገዝተን ተመለስን። ጉዞው ምን አስተማረኝ ብባል፣ መጽሐፍ መንገድ ያሳያል፤ ሰው ሲጠፋው ግን የሚሄደው እግሩ በለመደው ነው እላለሁ።

ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከጸሎት በኋላ የነፍስ አባቴን ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስትሳለሚ ማንን ጠራሽ?» አሉኝ።

«እመቤታችንን፣ አባ።»

«ለባልሽስ ምን አልሽው?»

«ላርፍ ነው የገባሁት አልኩት።»

ክርስትናውን የሚከለክሉኝ መስሎኝ የነጠላዬን ጥለት ጨብጬ ቆምኩ።

«ሰባት ቀን አርባ አርባ ስገጂ።»

«ስለ ደጁ ነው?»

«ባልሽን ስለ ዋሸሽው ነው።»

«የደጁስ፣ አባ?»

«እሱን እኔም አላውቅ፣ ልጄ። ይልቅ ቅዳሜ በጊዜ ነይ። አምና አንዷ ክርስትና እናት ፓርኪንግ ስትፈልግ ልጁ ተጠምቆ ጠበቃት።»